መስመሩን ዘግቼዋለሁ

«ይቺኛዋ ሰው ትሰማለች» አሉ አባ መብራት፣ ደጃፉ ላይ ቆመው የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን ካውያ እያገላበጡ። «እንደ ወንድሟ ችኩል አይደለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ያ ልጅ ትንሽ ረጋ ቢል ኖሮ ዛሬ እጁ እጅ ይሆን ነበር።» ልብስ ሰፊዋ ስለ ሴት ልጃቸው የነገ ፈተና ጠይቃቸው ነው ይህን ያሉት። ከንፈሯን መጠጠች፣ ለልጅቷ መልካሙን ሁሉ ተመኘች፣ ካውያው በነካችው ቁጥር እንደሚነዝራት ነገረቻቸው፣ የክርና የአዝራር ዋጋ ሰው ሊያስለቅስ እንደደረሰ አማረረች፣ አመሻሽ ላይ ብቅ እላለሁ ብላም ሄደች። ይህ ሁሉ የተባለው አልጋውን ከኮሪደሩ ከሚከልለው መጋረጃ ወዲህ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ታላቅ ወንድምየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ሸሚዙን ይቆልፋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ አዝራር አይዙም። መጋረጃ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። አንዱን አዝራር ጨረሰ፣ ወደሚቀጥለው ወረደ። ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ላይ በተመታ ሰሌዳ ፊት የተንበረከከችው እህቱ ግን ካቻቢቴዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ይህን ወሬ አባቷ ስንት ሰው ፊት እንዳወሩት ታውቃለች፣ ዛሬ ግን በእሷ ምስጋና ላይ ተለጥፎ መጣባት።

የሰፈሩ ሰው «ክብሪት» ይላታል። ቀጭን ቁመቷ ላይ ጎፈሬ ጸጉሯ ሲታከልበት ሌላ ስም የሚያስፈልጋት አትመስልም፤ እናቷ እንኳ ካልተቆጣች በስተቀር በእናትና አባት ስሟ አትጠራትም። በአባቷ ሥር የኤሌክትሪክ ሥራ ስትለማመድ፣ ከዚያ በተረፈው ቀን ማሰልጠኛ ስትመላለስ ከርማ፣ ነገ ጠዋት የተግባር ምዘና አለባት። ካለፈች የሙያ ፈቃዷን ትይዛለች፤ ከከተማው ዳር ረጃጅም ህንፃ የሚያቆም ድርጅት «ወረቀቱን ይዘሽ ሰኞ ነይ» ብሏታል። ከወደቀች ድርጅቱ ሌላ ሰው ይወስዳል፣ እሷም ተመልሳ የአባቷን መሰላል መያዝ ነው። መሰላል መያዝ አንገፍግፏታል። ለማንም ባትናገረውም በህልሟ ሳይቀር መሰላል ትይዛለች። ስለዚህ ኮሪደሩን ወርክሾፕ አድርጋዋለች፤ አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት ማብሪያ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ አምፖል። እናቷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በጎኗ እየተሽሎከለከች «ስሟም ክብሪት፣ ሥራዋም ክብሪት፣ አንድ ቀን ታነደናለች» ትላለች። የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ሽንኩርት በየሳምንቱ ዋጋው ስለሚነሳ ልምምዱ ሁሉ በአንድ ገመድ ነው፤ ጫፉን ትልጠዋለች፣ ታስረዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትልጠዋለች። ከመላጥ ብዛት አጥሮ አሁን ከሶኬቱ እስከ ማብሪያው የሚደርሰው በጭንቅ ነው።

ረፋዱ ላይ ማሰልጠኛው የመጨረሻውን ሙከራ አደረገ። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አየሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት፣ ወንበሮቹ መደገፊያቸው የወለቀ ረጅም አዳራሽ ነው። አሰልጣኙ ራሱ ቀልዶ ራሱ የሚስቅ ወፍራም ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቀለደም። በየተራ እያስገባ አሮጌ ማብሪያ አውልቀው አዲስ እንዲተኩ ያዛል። የክብሪት ተራ ደረሰ። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷት መስመር ወደሚዘጋበት የብሬከር ሳጥን ዞረ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። «መስመሩን ዘግቼዋለሁ፣ ቀጥይ» አለ። «እሺ ጋሼ» አለች። የማብሪያውን ክዳን በደንብ ፈታች፣ ብሎኑን አላላች፣ ገመዱን መዝዛ ልታወጣ በአውራ ጣቷ ያዘች። ጎበዝ ነኝ ብላ እያሰበች ነበር።

«ቁሚ» አለ አሰልጣኙ። «ሞተሻል።»

ብሬከሩን አልነካውም ነበር። ቀጭ ያለው በፒንሳ ጫፍ የመታው የሳጥኑ ክዳን ነው። መስመሩን ለዛሬ ከባትሪ ስላመጣው እንጂ እሷም ከእሷ በፊት የገቡትም ሁሉ ከአዳራሹ በቃሬዛ ነበር የሚወጡት። ከእሷ በኋላ የገቡትም ያው ናቸው። እስከ መጨረሻው ተረኛ ድረስ አንዱም ሳይፈትሽ፣ «እሺ ጋሼ» እያሉ በሰልፍ ሞቱ። አሰልጣኙ ሲጨርስ ሰበሰባቸውና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። «ችግራችሁ የሙያ አይደለም፣ የአስተዳደግ ነው» አለ። «ጨዋ ልጆች ናችሁ። ትልቅ ሰው የነገራችሁን መመርመር ነውር ነው ተብላችሁ አድጋችኋል። ኤሌክትሪክ ግን ጨዋ አያውቅም። ነገ የሚመዝናችሁ ሰውዬ ሽበታም ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ‹ልጄ፣ ዘግቼልሻለሁ፣ አይዞሽ ግቢበት› ይላችኋል። ፊቱ ላይ ያልፈተሸ ሰው ወረቀቱ ታጥፎ ይሰጠዋል፣ የቀረውን ሥራውን ዞር ብሎ የሚያይለት የለም።» ከዚያ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ደንቡን ደገመላቸው፤ መጀመሪያ ኃይል መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩ፣ ቀጥሎ የምትሠሩበትን መስመር ፈትሹ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ቴስተሩን ያው ሶኬት ላይ ድገሙ፣ እሱም ራሱ መሃል ላይ ሞቶ ሊሆን ይችላላ። ክብሪት ዕቃዋን ሰብስባ ልትወጣ ስትል ጠራት። «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው። ሰሌዳ ላይ መለማመዱ ይብቃሽ። ቤትሽ ግቢና ከሁሉ የምታከብሪውን ሰው መስመር ዝጋልኝ በይው። ዘግቼዋለሁ ሲልሽ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ፊቱ ላይ ፈትሺ። እሱን ከቻልሽ የነገው ሰውዬ ቀልድ ነው።»

ከሁሉ የምታከብረው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙት ምሰሶዎች ገመዳቸው ተጠላልፎ እንደ ቆሻሻ ጸጉር ተንዠርግጓል፤ ሌላ ቀን ብትሆን እየሳቀችባቸው ታልፍ ነበር። የገመድ መጠቅለያ ናስትሮ ልትገዛ ሱቅ ገባች፣ ባለሱቁ ከትናንቱ ጨምሮ ጠራባት። «ትናንት እኮ በዚህ አልነበረም» አለችው። «ትናንትማ እኔም ጥርስ ነበረኝ» አላት። መሳቅ አቃታት። በዓይኗ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ባለቤት፣ አባቷ ሳሎኑን ሲሠሩለት፣ «ዘግተውታል አይደል? እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። አባ መብራት ከመሰላላቸው ወረዱ። ፒንሳቸውን፣ ካቻቢቴያቸውን፣ የተረፈውን ገመድ አንድ በአንድ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ግማሽ የተሠራውን ሳሎን ጥለው ወጡ። «ሰው ባላመነኝ ቤት መብራት አላበራም» አሏት መንገድ ላይ፣ መሰላሉን ተሸክማ ስትከተላቸው። የሠሩበትን ሒሳብ ሳይቀር ትተውለት ነው የሄዱት። የሰፈሩ ግማሽ ቤት መብራት የገባለት በእሳቸው እጅ ነው፤ «ዘግቼዋለሁ» ካሉ ዘግተዋል፣ አለቀ። ክብሪት በሕይወቷ አንድም ቀን እሳቸው የዘጉትን መስመር ፈትሻ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሥራ ላይ ነበሩ። እናቷ ወጥ ቤት ካሮት ትከትፋለች፤ ወንድሟ ዛሬ መጋዘን የመጠበቅ ተራው ስላልሆነ ኮሪደሩ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መዛኝ ሊሆንላት ተዘጋጅቷል። መዛኝነቱን ወዶታል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እመቤት፣ ይህ ማብሪያ ለምን ተወላገደ?» ይላል፣ እሷም ትስቃለች። የረፋዱን ስትነግረው ግን፣ እንዴት በሰልፍ እንደሞቱ ስትተርክለት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ተነሳና ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ሥር አጎንብሶ የብረት ሳጥኑን ጎተተ። ኤሌክትሪክ እጁን ከጎዳበት አደጋ ወዲህ ሲከፍተው አይታው አታውቅም። ከውስጡ ባለ ሁለት ጫፍ ቴስተር አወጣ፣ ቀይና ጥቁር ገመድ ያለው፣ ጭረት እንኳ ያልነካው። «ይቺን ያዢ» አላት። «ከማሰልጠኛው ትሻላለች።»

«አዲስ ናት እኮ። መቼ ነው የገዛሃት?»

«አባዬ ናቸው የገዙልኝ። ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ቴስተሩን በእጇ ይዛ አየችው። «ኪስህ ውስጥ ከነበረች ታዲያ ለምን አልፈተሽክም?» አለች፤ ጥያቄው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው መልሱ የገባት። ወንድሟ ግን መለሰላት። «መሰላሉ ላይ ሆኜ አባዬ ከታች ዘግቼዋለሁ አሉኝ» አለ፣ አየሩ ሞቃት ነው እንደሚል ሰው። ወጥ ቤት ውስጥ ቢላው ቆመ። ከዚያ እንደገና መክተፍ ጀመረ፣ ከቅድሙ ፈጠን ብሎ። እናቷ ታውቃለች ማለት ነው። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሳታውቅ የኖረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ችኩል ወንድም እንዳላት እየነገሩ አሳደጓት። «ለምን አልተናገርክም?» አለችው። «ለማን ልናገር? ሆስፒታል ሳለሁ ተኝቷል ብለው አጠገቤ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ከዚያ ስወጣ ‹ቸኩሎ ነው› ማለት ጀመሩ። ካሳረፋቸው ይበሉ ብዬ ተውኩት። ለካ አንዴ ከተተወ በኋላ መመለሻ የለውም» አለ፣ የታጠፉትን ጣቶቹን በደህናው እጁ እየዳበሰ።

እናቷ ቢላዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወደ ኮሪደሩ ገባች። «ሆድ ይፍጀው ብለን የያዝነውን በፈተናሽ ዋዜማ አታንሺብኝ» አለች። «ዝም አይነቅዝም። አስተማሪሽ ፈትሺ ካለሽ እኔ እዘጋልሻለሁ፣ እኔን ፈትሺኝ።»

«አንቺንማ ጨው አለው ስትዪኝም እቀምሳለሁ እኮ እማዬ» አለች ክብሪት። ወንድሟ ሳቀ፣ እናቷም ሳትወድ ፈገግ አለች፣ ነገር ግን ቢላውን ወደ ልጇ እያመላከተች «አባትሽን ብቻ እንዳትነኪብኝ» ብላ ወጣች። ክብሪት ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ መሥራት አልቻለችም። በአባቷ ተናዳለች፣ ለአባቷም ታዝናለች፣ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አልስማማ አሏት። ባትፈትሽስ? ነገ ሽበታሙ ሰውዬ በለስላሳ ድምፁ «ልጄ» ሲላት ምላሷ እሺ ጋሼ እንደሚል ታውቀዋለች፤ ዛሬም ሳታስበው ነው ያለችው። መሰላሉ ኮሪደሩ ጥግ ተደግፎ ይጠብቃታል።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስትል አባ መብራት ገቡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ የልብስ ሰፊዋን ካውያ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ የቀረበላቸውን ሻይ ይዘው ኮሪደሩ መግቢያ ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ምን ቀረሽ?» አሏት። ድካም ቢኖርባቸውም ፊታቸው ብሩህ ነበር፤ በዚህ ፈተና ከእሷ ይልቅ የሚኮሩት እሳቸው ናቸው። ክብሪት ቴስተሩን በመዳፏ ደብቃ ቆመች። «አንድ የመጨረሻ ልምምድ ብቻ ነው የቀረኝ አባዬ። የኮሪደሩን መብራት መስመር ይዝጉልኝ።» ሻያቸውን አስቀመጡ፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ሄዱ፣ አንዱን ብሬከር አወረዱት። «ዘግቼዋለሁ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሺ» ማለት ጉሮሮዋ ላይ መጣ፣ ዋጠችው። በመጀመሪያ በአባቷ ፊት አልፋ ወጥ ቤት ገባች፣ መስመሩ ሌላ በሆነው የወጥ ቤቱ ሶኬት ውስጥ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስገባች፤ ቀዩዋ መብራት በራች። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ክብሪት እንደገና በአባቷ ፊት አልፋ ተመለሰች፣ የማብሪያውን ክዳን ፈታች፣ ጫፎቹን ወደ ገመዶቹ አስጠጋች። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባ መብራት ከኋላዋ።

«ልፈትሽ ነው አባዬ።»

«ዘግቼዋለሁ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

ከጀርባዋ በርጩማው ሲንቋቋ ሰማች፤ ተነስተዋል። ጥቁሩ ጫፍ ከእጇ አመለጠና ግድግዳውን መታ። አንስታ ያዘችው። ዞራ ብታያቸው እንደማትችል ስላወቀች አልዞረችም። «ብለውኛል አባዬ። ግን እፈትሻለሁ» አለች፤ ጫፎቹንም ነካች። መብራቷ አልበራችም። መስመሩ ተዘግቷል፣ እንዳሉት። «አየሽ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ዋሸሁ?» «አልዋሹም» አለች። ይህም ሆኖ ደንቡ አላለቀም፤ ለሦስተኛ ጊዜ በፊታቸው ማለፍ አለባት፣ ቴስተሩ ራሱ ሞቶ እንዳልሆነ ለማየት። አለፈች። ይህኛው ከሁሉ የባሰ ነበር፤ እውነት መናገራቸው ከታየ በኋላ እንደገና እንደመጠርጠር ነው። ሶኬቱ ላይ ቀዩዋ መብራት በራች። ስትመለስ አባ መብራት ክንዷን ያዙና መዳፏን ከፈቱ። ቴስተሩን አዩት፣ አወቁት። ራሳቸው መርጠው የገዙት ነው።

ወንድሟ መጋረጃውን ገልጦ ቆሟል። አባ መብራት ከቴስተሩ ወደ ልጃቸው አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ። «ያን ቀን በዚች ፈትሾ ቢሆን ኖሮ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። በንዴት የጀመሩት ነገር መሃል ላይ ሌላ ሆነባቸው። ወንድምየው ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ክብሪት እንዲያውም እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ሰምታው አታውቅም። «ብፈትሽ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር አባዬ?» አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ምንም አይከተፍም። አባ መብራት ወደ ብሬከሩ ሳጥን አዩ፣ ወደታጠፉት ጣቶች አዩ፣ ከዚያ የሚያዩት ነገር አለቀባቸው። ለመዋሸት ጊዜ ነበራቸው፣ ልጆቻቸውም ይጠብቋቸው ነበር።

«በጥፊ ነበር የምልህ» አሉ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «እዚያው መሰላሉ ሥር፣ ሰው ፊት።»

ይህን ያህል ዓመት አፍነው የያዙት ነገር ወጥቶ መሃላቸው ተቀመጠ፣ ማን እንደሚያነሳው ግን አልታወቀም። ሻዩ ቀዘቀዘ። በሩ ተንኳኳ፤ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ለካውያዋ። አባ መብራት ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ካውያውን ይዘው ደጃፍ ላይ ወጡ፣ ገመዱ ውስጡ ተልጦ እንደነበረና በአዲስ እንደቀየሩት ነገሯት። ሴትዮዋ መረቀቻቸው፣ አንገቷን አስግጋ ኮሪደሩ ውስጥ ክብሪትን ስታይም «በርቺ እንግዲህ!» አለቻት። «ደግሞ እንደ ወንድምሽ እንዳትቸኩዪ!»

«አልቸኮለም» አሉ አባ መብራት።

«ማን?»

«ልጄ። አልቸኮለም። ዘግቼዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። የዘጋሁት ሌላ መስመር ነበር።» ቃላቱ እየተቆራረጡ ነው የወጡት። ልብስ ሰፊዋ የእሳቸውን ፊት አየች፣ ከኋላቸው የቆሙትንም ሁለቱን አየች። ጥሩ ሴት ናት፤ ሰው ሲጨንቀው ወደ ሥራው መመለስ እንደሚያቀለው ታውቃለች። «እ... ካውያውስ ታዲያ?» አለች በመጨረሻ። «አሁን አይነዝረኝም?»

«አይነዝርም።»

«በቃ፣ እርስዎ ካሉ ይበቃኛል» አለች እንደ ልማዷ፣ ካውያውን ተቀብላ ወደ ዘንቢሏ እየከተተች። አባ መብራት እጃቸውን ሰደዱና ካውያውን ከዘንቢሉ መልሰው አወጡባት። ክብሪት ከኋላቸው ሆና የሸበተ ማጅራታቸውን እያየች ነበር፤ ነገ የሚጠብቃትን ሽበታም ሰውዬ መፍራቷ እንደለቀቃት ያን ጊዜ ታወቃት።

«አይበቃም» አሉ። «እኔ ስላልኩ አይበቃም። ይግቡ፣ ተሰክቶ ፊትዎ ይፈተሻል።» ወደ ወጥ ቤቱ ሶኬት እየሄዱ ሳይዞሩ ልጃቸውን ጠሩት። «ቴስተርህን ይዘህ ና። አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሃለሁ።»